ስለ ልብስ ንድፍ ትምህርትና ስለ አንዲት የይፋግ ልጅ

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በአያሌ ክርስቲያን ቤቶች አንድ ጥያቄ ሲነሣ እንሰማለን። ይኸውም ልጅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ፈጽሞ «የልብስ ንድፍ ልማር፣ ፋሽን ላጥና» ያለ እንደ ሆነ ወላጅ ምን ይመልስለት? የሚል ነው። ሐኪምነትን ወይም መሐንዲስነትን የመረጠ ልጅ ቤተሰቡን ደስ ያሰኛል፤ ጎረቤቱም እንኳን ደስ ያላችሁ ይላል። የልብስ ንድፍን የመረጠ ልጅ ግን ቤቱን ዝም ያሰኛል። አባት «ይህ ልብስ ሰፊነት አይደለምን? ለዚህስ ዩኒቨርሲቲ መግባት ምን ያስፈልጋል?» ይላል፤ እናት ደግሞ ልጇ በመድረክ ላይ ዕርቃንን ማሳየት ትማራለች ብላ ትሰጋለች። ሁለቱም አሳብ ከፍቅር የመነጨ ነውና አይነቀፍም። ነገር ግን ሳይመረምሩ መፍረድ አይገባምና፣ በዚህ ጽሑፍ ቀድሞ ካስተማርናት ከአንዲት የይፋግ ተወላጅ ኑሮ ተነሥተን የዚህን ትምህርት ጥቅምና አደጋ ለመመዘን እንሞክራለን። ስሟን መግለጥ አላስፈለገንም።

ይፋግ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ከአዲስ ዘመን ከተማ ብዙም ሳትርቅ የምትገኝ ጥንታዊት የገበያ ስፍራ ናት። አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ሲያገለግል በነበረበት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ጎንደር የሚወጡና ከጎንደር የሚወርዱ ነጋዴዎች የሚገናኙባት፣ ቀረጥም የሚከፈልባት ትልቅ ገበያ እንደ ነበረች በዚያን ጊዜ ሀገራችንን የጐበኙ መንገደኞች ጽፈዋል። ዛሬ ትንሽ ከተማ ብትሆንም የጥንቱ የእጅ ሥራ ከቤቶቿ ጨርሶ አልጠፋም።

ልጅቱ ያደገችው እንዲህ ባለው ቤት ነው። አባቷ በደብር የሚያገለግሉ መሪጌታ ናቸው፤ እናቷ ፈታይ ናት። ከመተማና ከሌላውም ቆላ የሚመጣው ጥጥ በመዳመጫ ከፍሬው ሲለይ፣ በደጋን ሲነደፍ፣ አመልማሎ ሲሆን፣ ከዚያም በእንዝርት ተፈትሎ ልቃቂት ሲሞላ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እያየች አድጋለች። እናት የፈተለችው ማግ ወደ ሸማኔው ይሄዳል፤ ሸማኔውም እግሩን ከጉድጓዱ አስገብቶ ድሩን ዘርግቶ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየሰደደ ሸማውን ያወጣል። በአብዛኛው የሀገራችን ክፍል ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። ከይፋግ ብዙ በማይርቀው በፎገራ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 በተመሠረተው በአውራ አምባ ማኅበረሰብ ግን ወንዱም ሲፈትል፣ ሴቲቱም ሸማኔ ሆና ስትሠራ ይታያል።

ይህን ሥራ የምናከብረው ሁላችን ስንሆን ሠራተኛውን ግን ለብዙ ዘመን ስንንቅ ኖረናል። በጎንደርና በአካባቢው በሸማ ሥራ ሲደክሙ ከኖሩት መካከል ብዙዎቹ የቤተ እስራኤልና የእስልምና ተከታዮች ወገኖቻችን ነበሩ። ክርስቲያኑ እነርሱ የሠሩትን ነጭ ሸማ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ይስማል፤ ሲመለስ ግን የሠሪውን ሙያ ስድብ ያደርገው ነበር። ነገሩ ሀገርን የሚጐዳ ሆኖ ስለ ተገኘ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያዎችን መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። «ይህ ልብስ ሰፊነት አይደለምን?» የሚለው የአባቶች ጥያቄ ግን ያ አሮጌ ንቀት በጓዳችን ገና ተቀምጦ እንዳለ ያመለክታል።

የቅዱሳት መጻሕፍት ትምህርት ግን ከዚህ የተለየ ነው። በኦሪት ዘጸአት የአሮን ልብሰ ክህነት በጥበብ ሰዎች እጅ እንዲሠራ ያዘዘ ራሱ እግዚአብሔር ነው፤ ልባቸው በጥበብ የተነሣሣ ሴቶችም በእጃቸው ፈትለው ለድንኳኑ ሥራ አምጥተዋል። ጠቢቡ ሰሎሞን ባመሰገናት ልባም ሴት እጅ ላይ እንዝርት አለ። በሐዋርያት ሥራም ጣቢታ በሞተች ጊዜ ባልቴቶች እያለቀሱ ለቅዱስ ጴጥሮስ ያሳዩት የሰፋችላቸውን ቀሚስና ልብስ ነበር። ከሁሉም በላይ እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም መልአኩ ባበሠራት ጊዜ ሐርና ወርቅ እያስማማች ትፈትል እንደ ነበረ አበው ያስተምሩናል፤ በብዙ አድባራት ግድግዳም ሠዓሊዎች እንዝርቷን እንደ ያዘች ሥለዋታል። እንግዲህ ልብስን መሥራት በራሱ የተናቀ ወይም የኃጢአት ሥራ አለመሆኑ ግልጥ ነው። ጥያቄው ለማን፣ እንዴትና በምን አሳብ ይሠራል? የሚለው ነው።

ልጅቱ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት ባመጣች ጊዜ ባሕር ዳርን መረጠች፤ ምክንያትም ነበራት። ባሕር ዳር በልብስ ሥራ ታሪክ ያላት ከተማ ናት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1961 ሲሆን፣ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተሠራው የፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት ከሌሎች ሙያዎች ጋር የጨርቃ ጨርቅ ትምህርትን ማስተማር ጀመረ። ከዚያ መሠረት ላይ የበቀለው የኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ይገኛል። ትምህርቱም ብዙ ሰው እንደሚመስለው መስተዋት ፊት መቆም አይደለም። ስለ ጥጥና ስለ ሌላው ጭረት ጠባይ፣ ስለ ማቅለሚያ፣ ስለ ሰው አካል ልክ፣ ስለ ንድፍና ስለ ቅድ፣ ስለ ዋጋ ስሌትም ያጠናል።

ከቤት ስትወጣ አባቷ አልከለከሏትም፤ ነገር ግን አንድ ጥያቄ አስያዟት። «ልጄ፣ የምትሰፊውን ልብስ ለብሰሽ በቤተ ክርስቲያን ደጅ መቆም ይቻልሻልን?» አሏት። እርሷም «አባዬ፣ ሥራዬን አምጥቼ አሳይዎታለሁ፤ ያን ጊዜ ይፍረዱ» ብላ ሄደች።

በመጀመሪያው ዓመት ያስቸገራት መቀስ ነበር። የፋብሪካ ጨርቅ ሰፊ ነውና እንደ ወደዱ ክብ አድርገው ቢቀዱት ይታዘዛል። የሸማኔ ጨርቅ ግን ወርዱ ሸማኔው መወርወሪያውን በሁለት እጁ ከሚቀባበልበት ስፋት አያልፍም። በዚህ ላይ በእጅ የተፈተለው ማግ ውኃ ሲነካው ይሰበሰባል፤ ሳይታጠብ የተሰፋ ልብስ ከመጀመሪያው አጠባ በኋላ ለባለቤቱ ይጠበዋል። ዳሩም ከተቈረጠ በኋላ ቶሎ ይተረተራል። አያቶቻችን ቀሚስን በቀጥታ ሰሌዳ እየቈረጡ የሰፉት ሌላ ቅድ ስላላወቁ ይመስላት ነበር። እናቷ ለወር የደከመችበት ሸማ በመቀስ ምክንያት ተቈራርጦ ሲወድቅ ባየች ጊዜ ግን ምክንያቱ ተገለጠላት። ጥንታዊው ቅድ የፈታይቱን ድካም የሚያከብር፣ ቁራጭ የማይጥል ጥበብ ነው። ከዚያ ወዲያ ንድፍ ስትነድፍ በመጀመሪያ የጨርቁን ወርድ ትጠይቃለች።

ሁለተኛው ትምህርት ከመጽሐፍ አልተገኘም፤ ሰውን ከመመልከት ነው። አንዲቱ ነጠላ በአለባበሷ ብዙ ቋንቋ ትናገራለች። ምእመን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ መስቀለኛ ያጣፋታል፤ በታላቅ ሰው ፊት የሚቆም ያደገድግባታል፤ ለሥራ የተነሣች ሴት በወገቧ ትታጠቃታለች፤ ኀዘንተኛ ግን ጥለቱን ወደ ላይ አድርጎ በአንገቱና በትከሻው ዙሪያ ያውለዋል። ይህን የማያውቅ ነዳፊ ለሠርግ በሠራው ልብስ ላይ ጥለቱን በኀዘን ቦታ ቢያኖረው፣ የውጭ ሀገር ሰው ያጨበጭብለት ይሆናል፤ የሀገሩ ሰው ግን ይደነግጣል። ስለዚህ የልብስ ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሕዝቡን ሰዋስው ማወቅ ይገባዋል።

አሁን ወላጆችን ይልቁን ወደሚያሰጋው ወደ ልብስ ትርኢት እንምጣ። በእውነቱ ሀገራችን ለልብስ ትርኢት አዲስ አይደለችም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ብሂል ከየት መጣ? ታቦታቱ ወደ ባሕረ ጥምቀት ሲወርዱ፣ በጎንደር በፋሲል መዋኛ፣ በባሕር ዳርም በውኃው ዳር፣ ካህናቱ በካባና በላንቃ፣ መዘምራኑ በጥንግ ድርብ፣ ሕዝቡም በነጭ በነጩ አምሮ ይታያል። ይህች የይፋግ ልጅም የጥምቀት ዕለት ከጸሎቱ በኋላ በትንሽ ደብተሯ የጥለቱን ዓይነት፣ የቀሚሱን ርዝመት፣ የእናቶችን ሹሩባና የጥልፉን መስመር እየሣለች መዋል ልማዷ ሆነ። በዚያ ሕዝብ መካከል ያለው ውበት ግን ተወዳዳሪ የለውም፤ ሁሉ የሚያምረው ስለ ታቦቱ ክብር ነውና።

በአዲስ አበባ የሚደረገው ትርኢት ሌላ መልክ አለው። «ሀብ ኦፍ አፍሪካ ፋሽን ዊክ» የተባለውን የመሳሰሉ ስብሰባዎች የኢትዮጵያና የሌላው አፍሪካ ነዳፊዎች ሥራቸውን ለገዢ የሚያሳዩባቸው ገበያዎች ናቸው። ልጅቱም ከጓደኞቿ ጋር ገንዘብ አዋጥታ በአውቶቡስ ሄዳ አንድ ትርኢት አይታለች። የሚያምረውን በደብተሯ ጻፈች፤ ያልወደደችውንም ጻፈች። ከሁሉ ያሳዘናት ለካህን አገልግሎት የተለየውን ካባ የሚመስል ልብስ በዕርቃን ትከሻ ላይ ተጥሎ፣ መስቀሉም እንደ ተራ ጌጥ ከወገብ በታች ወርዶ ማየቷ ነበር። «ይህን የሠራው ሰው ክፉ አይመስለኝም፤ ያስተማረው ግን አልነበረም» ብላ ጽፋለች። ይህ ቃል እኛን የቤተ ክርስቲያን ልጆችን ይመለከታል። ስለ ቀሚስ፣ ስለ ሞጣሕት፣ ስለ ካባና ስለ ላንቃ ትርጓሜ የምናውቀውን ለወጣት ነዳፊዎች ካላስተማርን፣ ባወቁት መጠን ቢሠሩ ልንፈርድባቸው አንችልም።

በአንጻሩ መልካም ምሳሌ የሆኑ ወገኖችም አሉ። በዓለም መድረክ በሞዴልነት የታወቀችው ሊያ ከበደ፣ ሸማኔዎች ገበያ አጥተው ሥራቸውን ሲተዉ አይታ እ.ኤ.አ. በ2007 «ለምለም» የተባለውን የልብስ ድርጅት አቋቋመች፤ የሀገራችን ሸማኔዎች በእጅ የሠሩትንም በውጭ ሀገር ገበያ እንዲሸጥ አደረገች። ፍቅርተ አዲስም «የፍቅር ዲዛይን» በተባለው ሥራዋ የሸማኔን ጨርቅ ለዛሬ ልብስ አውላለች። የእነዚህን ሰዎች ሥራ የሚያስመሰግነው ከመድረኩ በስተ ጀርባ እንጀራ የሚያገኝ ሸማኔና ፈታይ መኖሩ ነው።

የዛሬው ትልቁ አደጋ ግን ከመድረክ ዕርቃንነት ይልቅ በገበያ ውስጥ የተሰወረው ነው። የሸማንና የጥበብን መልክ በማሽን ያተሙ ቀጫጭን ጨርቆች ከውጭ ሀገር፣ ይልቁንም ከቻይና፣ እየመጡ በሀገር ልብስ ስም ይሸጣሉ። ዋጋቸው ርካሽ ስለ ሆነ ብዙ ቤተሰብ በበዓል ቀን ለልጆቹ የሚገዛው እነርሱን ነው፤ በድኽነት ምክንያት የገዛውንም አንነቅፍም። ነገር ግን እያንዳንዱ የታተመ ጥለት የአንድ ሸማኔን መወርወሪያ ያቆማል። የጋና ሰዎችም በኬንቴ ጨርቃቸው ላይ ይኸው ፈተና ደርሶባቸዋል።

«ታዲያ በትልልቅ ስፌት ፋብሪካዎች ተቀጥሮ መሥራት አይበቃምን?» የሚል ሰው ይኖራል። የፋብሪካ ሥራ ክቡር ነው፤ ብዙ ቤተሰብም ይመግባል። ሆኖም ንድፉም ገበያውም የባዕድ ሲሆን ሥራው በባዕድ ቃል ይቆማል። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የንግድ ዕድል ባስወጣች ጊዜ በሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክና በሌላውም ስፍራ ብዙ የስፌት ሠራተኞች ሥራቸውን አጥተዋል። እጅ ብቻ ያለው ሕዝብ ሌላው ያሰበውን ይሰፋል፤ የራሱ ንድፍ ያለው ግን የሚሸጠው የራሱን አሳብ ጭምር ነው። ልጆቻችን ንድፍ መማራቸው የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

በመጨረሻው ዓመት ተማሪዎች የየራሳቸውን ሥራ ነድፈው፣ ሰፍተው በመድረክ ማሳየት ነበረባቸው። ጓደኞቿ ከገበያ የታተመ ጨርቅ ገዝተው በጥቂት ሳምንት ብዙ ልብስ ሠሩ። እርሷ ግን ሦስት ልብስ ብቻ ለመሥራት ቈረጠች፤ አንዱ ለሠርግ፣ አንዱ ለቢሮ ሥራ፣ አንዱም ለለቅሶ። ማጉን እናቷ ፈተለች። ሸማኔው የይፋግ ጎረቤታቸው ሲሆን፣ ገበያ አጥቶ ዕቃውን ሰቅሎ በቀን ሥራ ይተዳደር ነበር። ዋጋውን አስቀድማ ከፈለችው፤ እርሱም ጉድጓዱን ጠርጎ ተቀመጠ። ሸማው ሲዘገይ መምህራኑ አስጠነቀቋት፤ ገንዘቧም አለቀ። የታተመውን ገዝታ ለመገላገል ሁለት ጊዜ ወደ ገበያ ሄዳ ባዶ እጇን ተመልሳለች።

ሥራውን ከመድረኩ በፊት ወደ ይፋግ ይዛ ሄደች፤ ለአባቷ ቃል ገብታ ነበርና። መሪጌታ የሠርጉን ልብስ አይተው ዝም አሉ፤ የቢሮውን አይተው «ይህ ለመምህርት የተገባ ነው» አሉ። የለቅሶውን ልብስ ግን አንሥተው በእጃቸው ለኩትና «ልጄ፣ ኀዘንተኛ ወንበር ላይ አይቀመጥም፤ መሬት ላይ ተቀምጦ ይነሣል፣ ሰው ሲመጣ ደግሞ ይነሣል። ይህ ከጉልበት በታች ጠብቧል። በኀዘን ላይ ሌላ ጭንቅ አትጨምሪበት» አሏት። በመምህራኑ ፊት ያለፈው ንድፍ በአባቷ ፊት ወደቀ። እርሷም ሌሊቱን ፈትታ ከጎኑ ሸማ ጨምራ አሰፋችው። በእኛ አስተያየት ከትምህርቷ ሁሉ የበለጠው ትምህርት ይህ ነበር፤ ልብስ የሚለካው በሚታይበት ሰዓት ሳይሆን ሰው ለብሶት በሚኖርበት ሰዓት ነውና።

በመድረኩ ጭብጨባው የበዛው ለሠርጉ ልብስ ነበር። ከትርኢቱ በኋላ ግን ሦስት ሴቶች መጥተው የቢሮውን ልብስ አዘዙ፤ አንዲት አሮጊትም የለቅሶውን ዳስሰው «ይህን ማን አሰበው?» ብለው ጠየቁ። ዛሬ ልጅቱ ባሕር ዳር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ በአንድ የስፌት መኪና ትሠራለች። ሀብታም አልሆነችም። የእጅ ሸማ ዋጋው ከታተመው ብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ደንበኛ ሁልጊዜ አይገኝም፤ ባለፉት ዓመታት በክልላችን የደረሰው ችግርም መንገድንና ገበያን አውኮባታል። የይፋጉ ሸማኔ ትእዛዝ ሲኖር ይሸምናል፤ ሳይኖር የቀን ሥራ ይሠራል። ልጁ ሙያውን ይውረስ አይውረስ ገና አልወሰነም። ነገሩ ያለው በዚህ ልጅ ውሳኔ ላይ ነው፤ የልጁም ውሳኔ ያለው በእኛ ግዢ ላይ ነው።

በሌላ ሀገር ሕዝብና መንግሥት ተባብረው እንዲህ ያለውን ሙያ ያዳኑበት ምሳሌ አለ። በስኮትላንድ ምዕራብ ባሉት ደሴቶች የሚሠራው ሃሪስ ትዊድ የተባለው የሱፍ ጨርቅ፣ የደሴቶቹ ሰዎች በየቤታቸው በእጅ የሸመኑት ካልሆነ በቀር በዚያ ስም እንዳይሸጥ እ.ኤ.አ. በ1993 በእንግሊዝ ሀገር ሕግ ወጥቶለታል። በዚህ ምክንያት በነዚያ ትንንሽ ደሴቶች ያሉ ሸማኔዎች ልብሳቸውን ለዓለም ይሸጣሉ። በእኛም ሀገር የእጅ ሸማና የታተመ ጨርቅ በአንድ ስም እንዳይሸጡ ማድረግ ለሸማኔው ትልቅ ርዳታ ይሆናል።

እስከዚያው ግን ቤተሰብ ሊያደርገው የሚችል ብዙ ነገር አለ። ልጃችሁ የልብስ ንድፍ ልማር ቢል አትሳቁበት፤ እንደ መሪጌታው መልካም ጥያቄ አስይዛችሁ ላኩት እንጂ። ሲመለስም ሥራውን እዩለት፤ የምታውቁትን የአለባበስ ሥርዓት ንገሩት፤ ስሕተቱን በፍቅር አርሙለት። ወደ ትርኢት ሲሄድ «ምን አየህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ የሚጠየቅ ልጅ የሚያየውን ይመረምራልና። የእጅ ሸማ ለመላው ቤተሰብ በየዓመቱ መግዛት ለብዙዎቻችን ከዐቅም በላይ ነው። ይሁን እንጂ በሁለትና በሦስት ዓመት አንዲት ነጠላ ከሸማኔው እጅ ብንገዛ፣ ጠብቀን ብንይዛት፣ ለልጅ ብናወርሳት፣ ከየዓመቱ ከሚቀደደው የታተመ ጨርቅ ይልቅ ትጠቅመናለች። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ለዚህም ይሆናል።

በሚመጣው ጥምቀት ነጠላችንን ስናጣፋ ጥለቱን ገልብጠን ጀርባውን እንመልከተው። የታተመ እንደ ሆነ በአንድ ወገን ብቻ ደምቆ በሌላው ይፈዝዛል፤ የተሸመነ እንደ ሆነ ግን ክሩ ከዳር እስከ ዳር ሲያልፍ በግልጥ ይታያል። ከዚያም የፈተለችውንና የሸመነውን በጸሎታችን እናስብ፤ የእጆቻቸውንም ሥራ እግዚአብሔር ይባርክ።